ከዋሻው ወደ እንፍራዝ፦ የመጠየቅና በነጻነት የመኖር ጉዳይ በ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»

«ሐተታ» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛችን ጉልበቱን ያጣ ቃል ነው። ነገር ያስረዘመብንን ሰው «ሐተታ አታብዛ» እንለዋለን። ጋዜጣ አንድን ጉዳይ ሰፋ አድርጎ ሲዘግብ ጽሑፉን «ሐተታ» ይለዋል። በሁለቱም አጠቃቀም ቃሉ የሚያመለክተው ማብራሪያን ወይም መልስን ነው። በግእዝ ግን «ሐተተ» ማለት መረመረ፣ ጠየቀ፣ አንድን ነገር እስከ ሥሩ ተከታትሎ ፈተነ ማለት ነው። የዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ «ሐተታ» የተባለው በዚህ በቀደመው ትርጉም ነው።

ይህን ያነሣሁት የቃላትን ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም። በቃሉ ላይ የደረሰው ነገር በመጽሐፉም ላይ ደርሷል ብዬ ስለማምን ነው። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ዛሬ ከሚነበብበት ጊዜ ይልቅ ስሙ የሚጠራበት ጊዜ ይበዛል። አንዳንዶቻችን ኢትዮጵያም ፈላስፋ ነበራት ለማለት እንጠቅሰዋለን፤ ከፈረንሳዊው ዴካርት ጋር በአንድ ዘመን የኖረ አሳቢ አለን እያልን እንኮራበታለን። ሌሎች ደግሞ «የአንድ ሚሲዮናዊ ድርሰት ነው» ብለው ይዘጉታል። ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን እንደ መልስ ይይዙታል። መጽሐፉ አንባቢውን የሚጠይቀው ጥያቄ ግን በመካከል ተረስቶ ይቀራል። ጥያቄውም በአጭሩ ይህ ነው፦ ከአባቶችህ የተቀበልከውን ሁሉ በልቡናህ መርምረህ ታውቃለህ ወይ? መርምረህስ ያገኘኸውን ትኖርበታለህ ወይ?

በዚህ መጣጥፍ ለማሳየት የምሞክረው ነገር አንድ ነው። ብዙዎቹ ሐያስያን ትኩረታቸውን የሚያሳርፉት ዘርዓ ያዕቆብ በተከዜ ዋሻ ውስጥ ባሰበው ላይ ነው። እኔ ግን የመጽሐፉ ፍልስፍና የሚፈተነው ከዋሻው ወጥቶ በእንፍራዝ በኖረው ኑሮ ውስጥ ነው እላለሁ። በዋሻው ያሰበው ሐሳብ ዋጋ የሚያገኘው በሥራው፣ በትዳሩና ከጎረቤት ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ጉድለቱም የሚታየው በዚያው ነው።

የደራሲነቱ ክርክር

በቅድሚያ የደራሲነቱን ክርክር ላንሣ፤ ሳላነሣው ባልፍ አንባቢ ሸሸው ይለኛልና። መጽሐፉን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በበጌምድር ይኖር የነበረው የካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለ መጽሐፉ ለአንቷን ዳባዲ ጻፈለት፤ ቅጂም ላከለት። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ግእዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ጻፈ። አይገን ሚትቮክም እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ ሐሳብ ደገፈ።

ነገሩን እንደገና የከፈቱት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ባሳተሟቸው ጥራዞች የመጽሐፉን ሐሳብና አጻጻፍ ከዳ ኡርቢኖ ሌሎች ጽሑፎች ጋር አነጻጽረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰምነር የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። በኢየሱሳውያን ዘመን ከአገሩ ለተሰደደው ሰው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ጠበቃ የሆነው የዚያው ማኅበር ሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው። ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። አናይስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን ይዛ ጻፈች። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በኋለኛው ዘመናቸው ሐሳባቸውን ለውጠው መጽሐፉ ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉምም ክርክሩን እንደገና ቀስቅሶታል።

ይህ ክርክር ከንቱ ነው አልልም። መጽሐፉ የአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት የአክሱም ሊቅ ቃል ከሆነ ስለ ሐሳብ ታሪካችን የምንናገረው ነገር ይለወጣል። የአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት የጣሊያናዊ ድርሰት ከሆነም እንዲሁ ይለወጣል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ በዳኛ ፊት እንደ ቀረበ የርስት ሰነድ ሆኗል፤ የማን እንደሆነ ይመረመራል፤ ምን እንደሚል አይመረመርም። ነገር ግን የመጽሐፉ ዋና ሕግ ይህንን አካሄድ የሚቃወም ነው። ከአባቶች የመጣ ነገር ከአባቶች ስለመጣ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ከባዕድ የመጣም ከባዕድ ስለመጣ ብቻ ሐሰት አይሆንም ይለናል። እንግዲህ «የእኛ ነው» ብሎ የተቀበለውም፣ «የፈረንጅ ነው» ብሎ የጣለውም አንድ ላይ ሕጉን አፍርሰዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «ዘርዓ ያዕቆብ» ስል በመጽሐፉ ውስጥ «እኔ» እያለ የሚተርከውን ሰው ማለቴ ነው። ሐያሲ በእጁ ያለው ጽሑፉ ነውና ከጽሑፉ እነሣለሁ።

የተገለበጠ ገድል

ባለታሪኩ እንደሚነግረን የተወለደው በአክሱም አካባቢ ከድሀ ገበሬ ቤተሰብ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. ነው። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ሲሆን ሰዎች ወርቄ ይሉት ነበር። ዜማ ሊማር ገብቶ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ሣቁበት። ወደ ሰዋስውና ቅኔ ተሻገረ፤ ከዚያም የመጻሕፍትን ትርጓሜ አሥር ዓመት ተማረ። በአክሱም አራት ዓመት ካስተማረ በኋላ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ከሰሰው። ክሱ ሕዝቡን በንጉሡና በፈረንጆቹ ላይ ያሳምፃል የሚል ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ስለነበር እንዲህ ያለ ክስ ነፍስ የሚያስከፍል ነው። ወርቄ ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ፤ በተከዜ አካባቢ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ሲሞቱ ከዋሻው ወጣና እንፍራዝ ደረሰ። በዚያም ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ፤ ትዳር ያዘ፤ ልጅ ወለደ። በ68 ዓመቱ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ሕይወቱን ጻፈ። መምህሩ በ93 ዓመቱ ማረፉን የጨመረው ወልደ ሕይወት ነው።

የግእዝ ሥነ ጽሑፍን የተማረ አንባቢ ይህን የታሪክ አወራረድ ያውቀዋል፤ የገድል አወራረድ ነው። በገድል ውስጥ ትውልድ አለ፣ ትምህርት አለ፣ የክፉዎች ክስ አለ፣ ስደት አለ፣ በረሓና ዋሻ አለ፣ ዳዊት የሚደገምበት ረጅም ሌሊት አለ። እስከ ዋሻው ድረስ «ሐተታ» ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ከዋሻው በኋላ ግን መንገዱ ይገለበጣል። የገድል ባለታሪክ ዓለምን ትቶ ወደ በረሓ ይሄዳል፤ ገብረ ክርስቶስ ሙሽራይቱን በሠርጉ ሌሊት ትቶ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። ዘርዓ ያዕቆብ በረሓውን ትቶ ወደ ትዳር ይሄዳል። ገድል በተአምርና በቃል ኪዳን ይፈጸማል። «ሐተታ» የሚፈጸመው በደመወዝ፣ በቤት፣ በልጅና በልጅ ልጅ ነው። ጻድቁ ሥጋውን የሚያደክምበት ቦታ ላይ ይህ ሰው እጁን ለሥራ ያደክማል።

ይህ የቅርጽ ለውጥ የሐሳቡ ማስረጃ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻው ውስጥ ምንኩስናን መርምሮ ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር አይስማማም ብሏል። ሰው በባሕርዩ ትዳር እንዲይዝ ከተፈጠረ ትዳርን መናቅ ቅድስና ሊሆን አይችልም ይላል። አንድ አሳቢ ይህን ብሎ ዕድሜውን በዋሻ ቢጨርስ ኖሮ ሐሳቡን በኑሮው ይክደው ነበር። ትረካው ከገድል ቅርጽ የሚወጣው የሐሳቡ ባለቤት በሐሳቡ ለመኖር ስለተነሣ ነው። ተማሪዎቻችን መጽሐፉን በሁለት ከፍለው የሕይወት ታሪኩን እንደ መግቢያ ዘለል አድርገው ወደ «ፍልስፍናው» ሲሮጡ የሚያጡት ይህን ነው።

ዋሻው የነጻነት ቦታ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ ዋሻውን እጅግ ወድዶት ነበር፤ ከሰው ክፋት ተለይቶ ብቻውን ያሰበባቸውን ቀናት በናፍቆት ያነሣቸዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ጥያቄ የመጣለትም በዚያ ነው። ዳዊቱን እየደገመ ሲጸልይ፣ የምጸልይለት የሚሰማኝ አምላክ አለ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ይሁን እንጂ የዋሻ ነጻነት ቀላል ነጻነት ነው። በዋሻ ውስጥ ማንም አይከስህም፤ ማንም «እንዲህ አድርግ» አይልህም፤ ሐሳብህን ከእንጀራህ ጋር የሚያጋጭብህ የለም። ከዋሻው ስትወጣ ግን ቀጣሪ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ካህን አለ፣ የጾም ቀን አለ። ነጻነት ከሰው መካከል ካልተያዘ ሽሽት ነው፤ መጽሐፉም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ከአንድምታ ወደ ሐተታ

ዘርዓ ያዕቆብ የመጠየቂያ መሣሪያውን ከየት አገኘው? ብዙ ሰዎች መልሱን ከአውሮፓ ያመጡታል። እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከተከፈተው በር ብንገባ ይሻላል እላለሁ። በአክሱም ሲያስተምር መጻሕፍትን እየተረጎመ «ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፤ የእስክንድርያ ወገኖች እንዲህ ይላሉ» እያለ ያስረዳ ነበር፤ የትኛው ልክ እንደሆነ ግን ፍርድ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ፈረንጆቹ ከግብጾች ወገን ቆጠሩት፤ ግብጾቹ ከፈረንጆች ወገን ቆጠሩት፤ ሁለቱም ጠሉት።

ይህ አስተማሪ የአንድምታ ልጅ ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንድን ኃይለ ቃል ያነሣና «አንድም» እያለ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ተማሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቃል ብዙ ፍች ሊሸከም እንደሚችል ይለምዳል። ይህ ልማድ አእምሮን የሚያሰፋ ልማድ ነው። ነገር ግን አንድምታ ድንበር አለው፤ ትርጓሜው ይበዛል እንጂ የሚተረጎመው መጽሐፍ ሥልጣን አይጠየቅም። የዘርዓ ያዕቆብ አዲስ ነገር «አንድም»ን ከድንበሩ ማሳለፉ ነው። እያንዳንዱ ሰው የኔ ሃይማኖት ልክ ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው ይላል፤ ታዲያ በመካከላቸው የሚፈርድ ማን ነው? እዚህ ላይ ነው «ልቡና» የሚለውን ቃል የሚያነሣው። ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን ዳኛ ይሆናል፤ መጻሕፍቱ ደግሞ ለዚህ ዳኛ ይቀርባሉ።

ልቡና ፊት የቀረቡት ጉዳዮች የመማሪያ ክፍል ጉዳዮች ብቻ አይደሉም። በአንድ በተወሰነ ቀን አንድን ምግብ መከልከል ከፈጣሪ ነው ወይስ ከሰው? በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ርኩስ ናት የሚለው የኦሪት ሕግ ትዳርንና ልጅ ማሳደግን የሚያውክ ከሆነ እንዴት ከፈጣሪ ሊሆን ይችላል? ሰውን እንደ ከብት መግዛትና መሸጥስ ሰዎችን ወንድማማች አድርጎ ከፈጠረ አምላክ ይመጣል ወይ? ዐሥርቱን ትእዛዛት እንኳ አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል፤ የሰንበትን ትእዛዝ ልቡና አይመሰክርላትም ብሎ ይለያታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ይህ ሰው ንጉሡን አልከሰሰም፤ ከንጉሡ በላይ ያለውን ልማድ ከሰሰ።

ሰዎች ለምን ሐሰትን ይቀበላሉ የሚለውን ጥያቄ ሲያነሣ የሰጠው መልስም ልብ ሊባል ይገባል። ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ መመርመር አድካሚ ስለሆነ ነው ይላል። ከአባቶቹ የሰማውን የሚያምን ሰው ድካም ይቀርለታል። ይህ ስለ ማኅበረሰብ የተሰጠ ትልቅ ግንዛቤ ነው። ልማድን የሚያቆየው ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ፣ ስንፍናችንም እንደሆነ ይነግረናል።

አንድ ቃል ስለ ኂሩት

አሁን ወደ እንፍራዝ ልመለስ። በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ መልኳ የሚያምር እንዳልነበረ፣ ጠባይዋ ግን መልካም እንደሆነ፣ አስተዋይና ታጋሽ እንደነበረች ይነግረናል። ሊያገባት ፈልጎ ለጌታዋ ነገረው። ሀብቱም ከእንግዲህ የአንተ ገረድ ትሁን ብሎ ፈቀደለት። ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ፈቃድ አልረካም። የምፈልጋት ሚስት እንድትሆነኝ ነው፤ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው፤ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም ብሎ መለሰ።

እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ቦታ አስበልጣለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ። ሰዎች በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው የሚለው ሐሳብ በዋሻው ውስጥ ተነግሮ ነበር። በዚያ የተነገረው ስለ ሰው ሁሉ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። እዚህ ግን ሐሳቡ ወደ አንድ ቤት፣ ወደ አንዲት ሴት፣ ወደ አንድ ቃል ወረደ። ክርክሩ «ገረድ» በሚለውና «ሚስት» በሚለው መካከል ነው። ተናጋሪው ደግሞ እንጀራውን ከሀብቱ እጅ የሚበላ ስደተኛ ነው። የሚያርመው የቀጣሪውን ቃል ነው፤ ያውም ቀጣሪው በጎ ነገር እያደረገለት ሳለ። ዝም ብሎ ቢቀበል ኖሮ ኂሩትን ያገኝ ነበር፤ ጌታውም ደስ ይለው ነበር። ዝም ያላለው ቃሉን ከተቀበለ ትዳሩ በዚያ ቃል ላይ እንደሚቆም ስለተረዳ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር ይዞ ለኖረ ማኅበረሰብ ይህች አጭር ንግግር ከብዙ ገጽ ክርክር ትበልጣለች።

ሆኖም ሐያሲ የሚያደንቀውን ነገርም መመርመር አለበት። ኂሩት በመጽሐፉ ውስጥ የምትታወቀው በባሏ አንደበት ነው። መልካምነቷን፣ ትዕግሥቷን፣ በፍቅር መኖራቸውን የሚነግረን እርሱ ነው። ስሟ በግእዝ ቸርነት ማለት ነው፤ ከቸርነቷ በስተጀርባ ምን ታስብ እንደነበረ ግን አልተጻፈልንም። ከገረድነት ወደ እኩልነት የተሻገረችው እርሷ ሆና ሳለ የመሻገሩን ሐተታ የጻፈው ባሏ ነው። ሁለተኛም፣ ሰውን መሸጥና መግዛትን ሲነቅፍ ነቀፋው የሚነሣው በእስልምና ሕግ ላይ ነው። በራሱ ወገን ዘንድ ፍትሐ ነገሥትም ለባርነት ቦታ ሰጥቶ ነበር። የራሱን ቤት ሃይማኖት በጾምና በምንኩስና ጉዳይ አጥብቆ የጠየቀ ሰው በዚህ ጉዳይ ዓይኑን ወደ ጎረቤት ማዞሩ አንባቢን ሊያሳስብ ይገባል። ይህን ማለት መጽሐፉን መናቅ አይደለም። እርሱ ባስተማረን መንገድ እርሱን መጠየቅ ነው።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ»

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ገና አልተነሣም። ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ ሲኖር በሰው ፊት ክርስቲያን መስሎ ይኖር ነበር። በልቡ የሚያምነው ልቡናው የመሰከረለትን ብቻ እንደሆነ፣ ይህንንም ለሰው እንዳልገለጠ ራሱ ይናዘዛል። ያወቀው ወልደ ሕይወት ነው። መጽሐፉም የተጻፈው ለእርሱና ለአስተዋዮች እንጂ በአደባባይ እንዲነበብ አልነበረም።

ይህን እንዴት እንፈርደዋለን? ሰዎች ለምን ይዋሻሉ ብሎ የጠየቀ ሰው ዕድሜውን በሙሉ መስሎ መኖሩ ግብዝነት ነው ማለት ይቻላል። ለእርሱም የሚሆን መከራከሪያ አለ። አንድ ጊዜ በክስ ተሰድዷል፤ ዐፄ ፋሲለደስ በነገሡበት ዘመንም ሃይማኖት የሞትና የስደት ምክንያት መሆኑ አልቀረም። አደባባይ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት መጽሐፉም፣ ኂሩትም፣ ተማሪውም አይኖሩም ነበር። በተጨማሪም የቅኔ ሊቅ መሆኑን አንርሳ። ሰም አልብሶ ወርቅን መያዝ የተማረው የትምህርቱ ሁሉ አክሊል ነው። ሰዎች ወርቄ ያሉት ይህ ሰው ኑሮውን እንደ ቅኔ አስማማው፤ ውጪው ሰም፣ ውስጡ ወርቅ።

እኔ ግን በዚህ ንጽጽር ውበት ረክቼ ማለፍ አልችልም። ቅኔ ሰሙ የሚቀልጥበት ሰዓት አለው፤ ሰሚው ወርቁን አውጥቶ ይደሰታል። በኑሮ ውስጥ ሰሙን የሚያቀልጥ ሰሚ ከሌለ ወርቁ እንደተቀበረ ይቀራል። የዘርዓ ያዕቆብ ነጻነት እውነተኛ ነው፤ ስፋቱ ግን የአንድ ቤት ስፋት ነው። ቤቱን ለወጠ፤ መንደሩን አልለወጠም። አንድ ደቀ መዝሙር አፈራ፤ ጉባኤ አልተከለም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንደሚባለው፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ዝም የሚልበት ማኅበረሰብ በአንድ ሊቅ ዝምታ ይጠናከራል እንጂ አይናጋም።

በዚህ ላይ የምናመዛዝነው የራሳችን ልምድ አለን። በደርግ ዘመን ፍልስፍና ከመጻሕፍት መደርደሪያ ወርዶ በውይይት ክበብ ሁሉ ገብቶ ነበር። ማኅበረሰቡን መጠየቅ፣ ልማድን መንቀፍ፣ ሂስና ግለ ሂስ ማድረግ የዘመኑ ቋንቋ ነበር። ጥያቄው ብዙ ነበር፤ መልሱ ግን ከጥያቄው በፊት ታትሞ የተሰራጨ ነበር። ሰውም በክበቡ የሚናገረውና በቤቱ የሚያስበው ተለያየ። ፍልስፍና በአዋጅ ሲሰጥ የዘርዓ ያዕቆብን ሰም ለሁሉም አለበሰው፤ ወርቁን ግን ሊሰጠው አልቻለም። ስለዚህ አደባባይ የወጣ ጥያቄ ሁሉ ነጻነት ነው፣ የተደበቀ ሁሉ ፍርሃት ነው ብለን አንፈርድም። የሚለያቸው ጠያቂው ለሚያገኘው መልስ ራሱን ክፍት ማድረጉና መልሱን በኑሮው መክፈሉ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በአደባባይ አልከፈለም፤ በቤቱ ግን ከፍሏል።

ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር

የወልደ ሕይወት ሐተታ ከመምህሩ ሐተታ ጋር አብሮ ይታተማል፤ አብሮ ግን አይነበብም። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው የድምፅ ልዩነት ይሰማዋል። መምህሩ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ይጠራጠራል፤ ይጸልያል፤ እንደገና ይጠይቃል። ደቀ መዝሙሩ አንባቢውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይመክረዋል። ልጅ አስተዳደግን፣ የባልና የሚስትን መተሳሰብ፣ የእጅ ሥራን ክቡርነት በምሳሌ እያዋዛ ያስረዳል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሚናቁበት አገር የእጅ ሥራን ማክበር ቀላል ነገር አይደለም። በእንፍራዝ ቤት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ነገር ወደ ሌሎች ቤቶች ለማድረስ የሞከረው ወልደ ሕይወት ነው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሏል። መምህሩ በድካም ያገኘው በደቀ መዝሙሩ እጅ ትምህርት ሆነ። ጥያቄው ወደ ምክር ተለወጠ። ምክሩ መልካም ቢሆንም አንባቢው ከሌላ የሰማውን የሚቀበል ሰው ሆነ፤ ይህም መምህሩ የተቸው ነገር ነው። በመግቢያዬ ላይ «ሐተታ» የሚለው ቃል ከመጠየቅ ወደ ማብራራት ወረደ ብዬ ነበር። መውረዱ የጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም ማለት ነው፤ ገና በሁለተኛው ትውልድ፣ በዚያው በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይታያል። ከመምህሩ የማይጠይቅ ደቀ መዝሙር፣ መምህሩ ስለ መጠየቅ ቢያስተምረውም፣ ጥያቄውን ይዞ ሊያቆየው አይችልም።

ማጠቃለያ

ይህን ጉዳይ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የማቀርበው በአንድ ምክንያት ነው። በክፍላችን «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ሲነሣ ሁለት ዓይነት ዝምታ አያለሁ። አንዱ የአድናቆት ዝምታ ነው፤ የእኛ ፈላስፋ ነውና አይነካም ይላል። ሁለተኛው የጥርጣሬ ዝምታ ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ምን እንለዋለን ይላል። ሁለቱም ተማሪውን ከድካም ያሳርፉታል። መጽሐፉ ግን ሰውን ለማሳረፍ አልተጻፈም።

የማቀርበው የንባብ መንገድ ቀላል ነው። የሕይወት ታሪኩን ከክርክሩ ሳንለይ እናንብበው። በገድል ቅርጽ ጀምሮ ከገድል የሚወጣበትን ቦታ እንፈልግ። አንድምታው ወደ ሐተታ የሚሻገርበትን አረፍተ ነገር እንለይ። ኂሩት የት እንደተናገረችና የት እንዳልተናገረች እንቁጠር። በራሱ ወገን ላይ ያላነሣውን ጥያቄ እኛ እናንሣ። ከዚያ በኋላ ስለ ደራሲው ማንነት የምንሰጠው ፍርድ፣ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ካነበበ ሰው የመጣ ፍርድ ይሆናል።

ለእኔ ከመጽሐፉ የቀረኝ በተከዜ ዋሻ ውስጥ ብቻውን የሚያስበው ሰው አይደለም። የቀረኝ በሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው እንጀራ እየበላ፣ «ገረድ» የሚለውን ቃል አልቀበልም ያለው ሰው ነው። ፍልስፍና ማኅበረሰብን ለመጠየቅና በነጻነት ለመኖር ይጠቅማል ወይ ተብዬ ብጠየቅ ያችን ገጽ አሳያለሁ። ገጿ አጭር ናት፤ ለመኖር ግን ረጅም ዕድሜ ትፈልጋለች።